ፌርማታው ከተነሣ በኋላ

ቂርቆስ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? የእናትህ ጉልበትስ እንዴት ሆነላቸው? ገላን ጉራ ነፋሱ ኃይለኛ ነው ይላሉ፤ ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ ደጅ እንዳይቀመጡ አደራ። እኔ ከደም ግፊቴና ከአሉላ በስተቀር ደህና ነኝ። አሉላ በአንተ ቦታ የገባው ጊታር ተጫዋች ነው። ጣቱ ፈጣን ነው፤ እግሩ ግን ይጎተታል። ልምምድ አሥር ሰዓት ነው ስትለው አሥራ አንድ ሊሞላ ሲል ብቅ ይልና «መንገዱ ተዘጋግቶ ነው ጋሼ፣ በቃ ምን ልበልዎት» ይለኛል። ምንም እንዳይለኝ ነግሬዋለሁ፤ ከቤቱ ቀደም ብሎ ይውጣ።

ለምን እንዳልደወልኩልህ ታውቃለህ። ስንደዋወል ገና ሰላምታው ሳያልቅ መጮህ እንጀምራለን። ወረቀት ላይ ግን ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ታደምጠኛለህ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ባንዱን ካቋቋምንበት ቀን ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ዕድል ነው።

ትተኸን ስትሄድ ለሰው ሁሉ «መንገዱ ራቀኝ» ማለትህን ሰምቻለሁ። ደቻሳም ያንኑ ነገረኝ፤ ዓይኔን ላለማየት ድራሙን በጨርቅ እየወለወለ። ጨዋነትህ ደስ ይላል፤ ግን እውነት አይደለም፤ እኔ ደግሞ እውነት ያልሆነ ነገር አጠገቤ ሲያልፍ ዝም ማለት አልችልም። የሄድከው በእኔ ምክንያት ነው። ያን ጊዜ የካሳንቺሱ ቤታችሁ ሊፈርስ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የእናትህ ቁም ሣጥን ተፈታትቶ ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። የምንለማመድባት ሰርቪስ ቤት የጣሪያዋ ቆርቆሮ ግማሹ ተነሥቷል። እኔ በዚያ ቀን «ዝናቡ ያዳምጠኛል» የምትለው መስመርህ ላይ ሙዚቃውን ዘጠኝ ጊዜ አስቆምኩ። ዝናብ አያዳምጥም ብዬ። በዘጠነኛው ገመድህን ከማጉያው ነቀልክ፣ በክርንህ ላይ ቀስ ብለህ ጠቀለልከው፣ «ደህና ዋል፣ መሐንዲስ» አልከኝና ወጣህ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቀኑን ማየት ነበረብኝ። ዝናብ ግን አሁንም አያዳምጥም።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስማ። በንዴት ያንተን ዘፈኖች በሙሉ ከዝርዝራችን ሰረዝኩ። ሃያ ሦስት ዘፈን። ያለ እሱ መቆም ካቃተን ድሮም ባንድ አልነበርንም ብዬ። ደቻሳ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠና የቀረን ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። የቀረን አንድ ነበር፤ እሱም የልደት ዘፈን ነው።

እሑዶቹን በሰው ዘፈን ስንገፋ ሰነበትንና ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጠሩኝ። የመስቀል ፍላወሯን ባለ ሆቴል እንዴት ትረሳቸዋለህ! የእሑድ ከሰዓት በኋላዋን ሰዓታችንን ለዲጄ ሊሰጡ አስበዋል። የሰው ዘፈን የሚደግም በየደጁ ሞልቷል፣ እናንተን የያዝኳችሁ የራሳችሁን ስለምትጫወቱ ነው አሉኝ። በግንቦት የመጨረሻው እሑድ አንድ ሰዓት ሙሉ በራሳችን ሥራ ከሞላን እንቀጥላለን፤ ካልሞላን በሰላም እንሰነባበታለን። ልወጣ ስል ከኋላዬ «ደግሞ አደራ፣ እርስዎ እንዳይዘፍኑ!» ብለው ጨመሩ። ሌላ መድረክ እንደሌለን ታውቃለህ። ያቺ ሰዓት ከሄደች ባንዱም አብሮ መሄዱ ነው። የነበረን ጊዜ ስድስት ሳምንት ነው።

ስለዚህ ድርሰት ጀመርኩ። አትሳቅ። ርዕሴ ጥሩ ነበር። ካሳንቺስ የነበረው የታክሲ ፌርማታ ከተነሣ ወራት አልፎታል፤ ሰዎች ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ባዶው ቦታ ላይ ይቆማሉ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እኔም ሩብ ሰዓት ቆሜያለሁ። በዚህ ላይ አሥራ ሁለት አንጓ ጻፍኩ፤ የተነሣበትን ቀንና የአዲሱን መንገድ ስፋት ሳይቀር አስገባሁ። አሁን የምንለማመደው ቂርቆስ፣ ደቻሳ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሞተር በሌለው ላዳና በጎማ ክምር መካከል። እዚያ ቆሜ አነበብኩላቸው። ደቻሳ እስከ መጨረሻው አዳምጦ፣ ይህ ዘፈን ነው ወይስ የጨረታ ማስታወቂያ ብሎ ጠየቀኝ። አሉላ ሊስቅ ብሎ ጊታሩን መቃኘት ጀመረ። አንተ ያመጣሃት ዘፋኛችን ቢሊሴ ብቻ ናት ያዘነችልኝ። ሐሳቡ በጣም አሪፍ ነው አለችኝ፤ «ግን ጋሼ፣ ማለቴ፣ ስዘፍነው አፌ ውስጥ ጠጠር ያለ ይመስለኛል።» ቅዳሜ አክስቷን ልትጠይቅ ስለምትሄድ እዚያ ሆና ልትሞክረው ወረቀቱን ይዛው ሄደች።

ሰኞ ስትመጣ አሥራ ሁለቱ አንጓ ሦስት ሆኗል። መግቢያው እንዲህ ይላል፤

ፌርማታው ተነሥቷል፣ ማን ይንገረው እግሬን፤
ዛሬም እዚያው ቆሟል፣ ሲጠብቅ ሰፈሬን።

ወረቀቱን ወደ መብራት አስጠጋሁት። ከፊደሉ በላይ በቀይ እስክሪብቶ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ እዚህ ድፋት፣ እዚያ ቅናት፣ ጫፉ ላይ ጭረት። መሪጌታ አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለድጓ ተማሪዎቻቸው ዜማ የሚያስይዙበት ምልክት ነው። የሮክ ዘፈን በድጓ ምልክት የሚጽፍ ሰው በዚህ ከተማ ስንት እንደሚገኝ እንጃ። ቢሊሴ ደግሞ ያደገችው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል ነው። የት ተማርሽው ልላት አፌን ስከፍት ደቻሳ ድራሙን አንድ ጊዜ መታው። አፌን መልሼ ዘጋሁት። ጎበዝ ልጅ ናት አልኩ። ደቻሳም፣ እጅግ በጣም ጎበዝ ናት አለ።

ከዚያ ወዲያ በየሰኞው አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች፤ እስከ ቀኑ ድረስ ስድስት ዘፈን ሞላልን። እኔ ስሕተቱን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ እጽፍላታለሁ፤ እሷ ወስዳ ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ ከማስታወሻዬ ሥር «ከብረት ጋር ስትውል ጆሮህ ዛገ» ተብሎ ተጽፎ መጣ። ቢሊሴ ጨዋ ልጅ ናት። እንዲህ ያለውን ስድብ ከማን እንደለመደችው አልጠየቅኳትም። ባይሆን አራት ቀን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፤ ባለቤቴ ምን አገኘህ ብላ ጠረጠረችኝ።

ቀኑ ደረሰ። አሉላ በሰዓቱ መጣ፤ የዓለም ፍጻሜ መሰለኝ። አዳራሹ ሞልቷል። ግማሹ የድሮ የካሳንቺስ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከየተበተኑበት ተጠራርተው መጥተው፣ ሙዚቃው ሳይጀመር ሲሳሳሙ ሃያ ደቂቃ በላባቸው። ስድስቱን ዘፈን ተጫወትን። የፌርማታውን ሦስት ጊዜ አስደገሙን፤ አንድ ሽማግሌ መቀመጥ እምቢ ብለው፣ ቆሜ ነው የምጠብቀው እያሉ ሰውን አሳቁት። እኔ ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። ማንም አላስተዋለም፤ አንተ ብትኖር ግን ታፍጥብኝ ነበር።

ስድስቱ ሲያልቅ ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ስምንት ደቂቃ። ወይዘሮ ተናኘወርቅም ከባንኮኒው ጀርባ የራሳቸውን እያዩ ነው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ጎደለን። ቢሊሴ ዞር ብላ አየችኝ። ደቻሳ ሰው እስኪሰማ ድረስ፣ «መሐንዲስ! ወይ ዝናቡን አውርድ፣ ወይ መልካም ልደት እንበላቸው!» አለኝ።

የሰረዝኩትን ዘፈን መግቢያ በቤዝ ጊታሬ ጀመርኩት። ሁለተኛው ምት ላይ አዳራሹ ተነሣ። ቢሊሴ «ዝናቡ» ብላ ማይኩን ወደ ሰው አዞረችው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ያዳምጠኛል!» አለ። ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሲሳሳት ሰማሁ፤ አላስቆምኩም። የእኔም ከንፈር ይንቀሳቀስ እንደነበር ደቻሳ ይናገራል። ውሸቱን ነው።

ሰው እያስደገመን አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ተጫወትን። እሑዷ ጸናችልን። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በር ላይ አስቁመውኝ፣ ያ ዝናቡን የደረሰው ሰውዬ ሞተ እንዴ ብለው ጠየቁኝ። ኧረ አልሞተም፣ ገላን ጉራ ገብቶ ነው አልኳቸው። «ታዲያ ገላን ጉራ ምን ይርቃል? የእኔ አስተናጋጅ በየቀኑ እየተመላለሰች ነው!» አሉና ጥለውኝ ሄዱ። 

አሁን የሰረዝኳቸውን ሃያ ሦስቱንም መልሼ ጽፌያቸዋለሁ። ልምምዳችን ሰኞና ሐሙስ አሥር ሰዓት ነው። ማጉያው ላይ ሁለት መሰኪያ አለ፤ አንዱ ባዶ ነው። ይህ ጥሪ አይደለም፤ እንድታውቀው ያህል ነው። ደግሞ የፌርማታው ግጥም ላይ፣ እግር አይጠብቅም። ሰው ነው የሚጠብቀው። ቢሊሴን ላለማስቀየም ለእሷ አልነገርኳትም፤ ለአንተም ሳልነግር ብቀር ግን ግፊቴ ይነሣል። የምትከራከረኝ ከሆነ ፊት ለፊት ተከራከረኝ።

በል እንግዲህ፣ አዲሱን ቤት እግዚአብሔር የሳቅ ቤት ያድርግልህ። እናትህን በጤና ያቆይልህ፤ ጉልበታቸውን ያጽናላቸው፤ ጎረቤቶቻችሁን ደግሞ ከጊታርህ ጩኸት ይጠብቅልኝ።

ዘጠኝ ጊዜ ያስቆመህ፣
ወንድምህ

ደብዳቤውን በቢሊሴ እጅ ልኬዋለሁ። ቤትህ የት እንደሆነ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝ።