ከጎሽ ውኃ እስከ ተኩላው ጅረት፦ የወይዘሮ ብርነሽ አሳምነው የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ብርነሽ አሳምነው ከአባታቸው ከአቶ አሳምነው ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉመቤት ሰርፀ በ1957 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ፣ ጎሽ ውኃ በሚባል ወንዝ ዳር ተወለዱ። በአካባቢው ጎሽ ያየ ሰው አልነበረም። ስሙ ታዲያ ከየት መጣ እያሉ ገና በልጅነታቸው ሽማግሌዎቹን መድረሻ ያሳጡ ነበር።

ትምህርታቸውን በደብረ ብርሃን አጠናቀው የጂኦግራፊ መምህርት ሆኑ። በ1991 ዓ.ም ከአቶ ኃይለየሱስ ጋር ተጋብተው ሶልያናን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዲቪ ደርሷቸው ኦክላንድ ገቡ፤ ሳን ሆዜ እየተመላለሱም አረጋውያንን በየቤታቸው ይንከባከቡ ጀመር።

ያገራችን ሰው ስም ሲነገረው ትርጉሙን ሳይጠይቅ አያልፍም። ወይዘሮ ብርነሽም ያገኙትን አሜሪካዊ ሁሉ ስምዎ ምን ማለት ነው እያሉ ግራ አጋቡት። ቀጣሪያቸው የግል ጥያቄ ነው ብሎ ቢያስጠነቅቃቸውም እርሳቸው ወይ ፍንክች!

እ.ኤ.አ. በ2014 ግን መልስ ያለው ሰው ተገኘ። ከሚንከባከቧቸው አረጋውያን አንዱ፣ ሚስተር ዶናልድ፣ የስኮትላንድ ተራራማ አገር ሰው ነበሩ፤ አፋቸውን የፈቱት በአገሩ ጥንታዊ ቋንቋ በጌሊክ ነው። የትውልድ መንደራቸውን ጋራና ጅረት ስም ትርጉም እስከዚያ ቀን የጠየቃቸው አልነበረም። ወይዘሮ ብርነሽ ደስታቸውን መቻል አቅቷቸው ማውንቴን ቪው ከተማ ሥራ ላይ ወዳለው ታናሽ ወንድማቸው፣ ይህን ወደሚጽፈው ባስልኤል ደወሉ። «ባስልዬ፣ ብሬክ ላይ ነህ? እነሱም እኮ ጋራውን አፍንጫና ጀርባ ይሉታል» አሉት። የተኩላ ጅረት የሚባል ወንዝ እንዳለ፣ ተኩላው ከጠፋ ዘመናት ቢያልፉም ስሙ ውኃው ላይ እንደቀረ የሰሙ ዕለትማ እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም። የጎሽ ውኃ ነገር ተፈታላቸዋ!

አዛውንቱ ሲያርፉ ልጆቻቸው አንዱንም ስም ስለማያውቁ፣ መቃብራቸው ላይ ስሞቹን በጌሊክ የጠሩት የጎሽ ውኃዋ ብርነሽ ናቸው። ከዚያ ሲመለሱ ግን ከፍቷቸው ነበር። ሶልያና በአማርኛ ቢያወሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ ጎሽ ውኃንም አንድ ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። የእኔን ማን ይጠይቀኛል የሚለው ሐሳብ ዓመታት አብሯቸው ኖረ።

ባለፈው ዓመት በቆሽት ካንሰር ታመው አልጋ ያዙ። ምግብ በቃኝ ባሉበት ሳምንት ሶልያና አጠገባቸው ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ጎሽ የለም አይደል? ታዲያ ለምን ጎሽ ውኃ አሉት?» አለቻቸው፤ በአማርኛ። ወይዘሮ ብርነሽ ትራሱን ከፍ አድርጉልኝ አሉ። ያን ቀን ጋራውንም ጅረቱንም አንድ በአንድ ነገሯት፣ አጠራሯን እየደጋገሙ አረሟት፣ ሾርባም ጠጡ። ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ዋለ።

ወይዘሮ ብርነሽ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2025 አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል።

ከቀብሩ በኋላ ሶልያና የጎሽ ውኃን ጋራና ጅረት ስም ከነትርጉሙ በአማርኛ ትነግረናለች። ብትሳሳት ማንም እንዳያርማት አደራ። የሚያርሟት እናቷ ነበሩ።

ወንዙን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በሕይወት ውኃ ዳር ያሳርፍልን።