«ደህና ነኝ» ያለውን ሁሉ ጤነኛ ብሎ ለመዘገበው መሥሪያ ቤት

ለክቡር ዶክተር ገላው፣
የጤነኛ ሰው የደም ፕሮቲን ልክ አጥኚ ቡድን መሪ፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎና ከነባልደረቦችዎ እንደምን ከርመዋል? ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ ሙሉ የምለው ግን በእናንተ መለኪያ ሳይሆን እንዲያው በድሮው፣ በሰውኛው ነው።

እኔ ፀሐዬ ወልደሰንበት እባላለሁ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከቀበና ወንዝ በላይ፣ ከእንጦጦ ሥር ብቻዬን እኖራለሁ። ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ያለ ከዘራ ዳገቱን ወጥቼ አስቀድሳለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ከሥራ መልስ ነው፤ ቢሆንም ጻፍልኝ ብዬ የማንንም ልጅ አልለመንኩም። ስህተት ቢያገኙበት የሰፈራችንን ደም እንዳሳለፉት ዝም ብለው ያሳልፉት።

በመጀመሪያ ምስጋናዬን ላቅርብ። ካቻምና ሰፈራችን ድንኳን ተክላችሁ «እስከ ዛሬ ደማችንን የምንለካው በፈረንጅ ቁጥር ነበር፣ አሁን የራሳችንን ልክ እናወጣለን፣ ጤነኛ የሆናችሁ ኑ» ስትሉን ደስ ያላለው ሰው አልነበረም፤ እኔም ተጣጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ ከመጡት አንዱ ነኝ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ቅሬታዬ ከዚያ ወዲህ ነው።

አንደኛ፤ ድንኳኑን የተከላችሁት እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ከጫካ በሚወርዱበት መንገድ አፍ ላይ ነበር። ለመጣ ሁሉ ሳሙናና ጭማቂ ይሰጣል ሲባል ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው ተሰለፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናውን አቁሞ እንጦጦ ፓርክ ውስጥ የሚሮጠው ጤነኛ ግን አልተጠየቀም፤ ስለሚቸኩል ልታስቸግሩት አልፈለጋችሁ ይሆናል፣ ጨዋነታችሁን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፤ ጠያቂያችሁ ናፍቆት የምትባል ሰው አክባሪ ልጅ ነበረች። «አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ስትለኝ የምር የጠየቀችኝ መስሎኝ ጉልበቴን፣ ሳሌን፣ ሌሊት ለሽንት መመላለሴን ዘርዝሬ ነገርኳት። «ውይ አባባ፣ እርስዎማ አይሆኑም» ብላ መለሰችኝ። ከኋላዬ የቆመችው ጎረቤቴ ዳርቱ ነበረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእንጦጦ እንጨት ስታወርድ የኖረች ሴት ናት፣ እግሯ ያን ጊዜም አብጦ ከጫማዋ ፈስሶ ነበር። እሷም ተጠየቀች። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ጤነኛ ተብላ ተጻፈች። የቀሩትም ሴቶች በየተራ ተጠየቁ፤ ሁሉም ደህና ነበሩ፣ እግዚአብሔርም ተመሰገነ።

ክቡር ዶክተር፣ መቼም የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። የማታውቀው ሰው ጤናሽ እንዴት ነው ቢላት «ታምሜአለሁ» ብላ የምትመልስ ሴት የት አይተዋል? ባለቤቴ የማርያምወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያረፈች ዕለት ጠዋት እንኳ እንዴት አደርሽ ስላት «ደህና፣ ይመስገነው» ብላኛለች። ይህ ሰላምታ ነው እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም። ይህንን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ ለመርሳት ግን ሳያስፈልግ አይቀርም።

ሦስተኛ፤ ዘንድሮ ዳርቱ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጥ ጀመር። እግሯን በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ስርጉዱም ቶሎ አይሞላም። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ፣ ደሟ ታየ። አልቡሚን የሚሉት የደም ፕሮቲን ወደ ታች ቢጠጋም ከልኩ አልወጣም ተባለ፤ «ኖርማል ነው፣ እረፍት አድርጊ» ብለው ማስታገሻ ክኒን ሰጥተው ሸኟት። ይህ ልክ ከየት መጣ ብዬ ብጠይቅ ላቦራቶሪ ያለው ልጅ ደረቱን ነፍቶ «አባባ፣ የፈረንጅ መሰለዎት? ከዚሁ ከሰፈራችን ጤነኞች የተወሰደ አዲሱ ነው!» አለኝ። በድሮውስ ቢሆን ብዬ ብጠይቀው፣ «በድሮውማ ዝቅተኛ ነው፣ ወደ ሆስፒታል እንጽፍላት ነበር» ብሎ ሳቀ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ዳርቱና እንደ ዳርቱ ያሉት ሴቶች በሽታቸውን ውጠው ደማቸውን ሰጡ፣ ደማቸው ልኩን ወደ ታች ጎተተው፣ ከዚያ ዳርቱ ስትታመም መልሳችሁ በዚያው ለካችኋት። በራሷ ተለክታ ልክ ሆና ተገኘች። እንኳን ደስ አላችሁ። አሁን ተኝታለች፤ ልጇ ሀዊ ደግፋ ካላነሳቻት አትነሳም። እኔ ስገባ ግን ዛሬም «ደህና ነኝ ጋሼ» ነው የምትለኝ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ብጽፈው ክብርዎን ስለሚነካ ትቼዋለሁ።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። ለጤና ጣቢያዎች በዚህ በአዲሱ ልክ ተማምነው ሰው እንዳይመልሱ ይጻፉላቸው፤ እነዚያን ሴቶች አንድ በአንድ አስጠርተው ያስመርምሩ፤ የታመመችውንም ከጤነኞቹ ቁጥር ያውጡልን።

እኔ በበኩሌ ባለዕዳ ሆኜ መቅረት አልወድም። ዳርቱ የወሰደችውን ሳሙናና ጭማቂ ገዝቼ እመልሳለሁ። ክንዷ ላይ የለጠፋችሁላትን ፕላስተርም አልረሳሁም፣ እሱንም እመልሳለሁ። የማርያምወርቅ ካረፈች ወዲህ ዳርቱ ከጫካ በወረደች ቁጥር አንድ እስር እንጨት ደጄ ላይ ጥላ «የጋሼ ነው» ብላ ታልፋለች፤ የዚህን ዕዳ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። ማክሰኞ ጠዋት ዳርቱን በጎረቤታችን በሊሊሳ ባጃጅ አሳፍሬ ቢሮዎ ድረስ አመጣታለሁ። ዘበኛው ቢከለክለን ደጁ ላይ እንቀመጣለን፤ እኔ እንደሆንኩ ጡረተኛ ነኝ፣ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።

በደምዎ ውስጥ ያለው ሁሉ ከልኩ ሳይጎድል፣ ከልኩም ሳያልፍ ረጅም ዕድሜ እንዲያኖርዎ እየጸለይኩ፣ ለጤነኝነት ሳልበቃ ከድንኳንዎ የተመለስኩት አክባሪዎ፣

ፀሐዬ ወልደሰንበት
ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር

ማሳሰቢያ፤ ማክሰኞ ስንመጣ እባክዎ «ጤናሽ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቋት። ጎንበስ ብለው እግሯን በጣትዎ ይጫኑት።