ለአንተ ያስቀመጥነው መሬት

ኮኮ ክሪክ፣ ሊሞን
ሐምሌ 9 ቀን

ለልጄ ለሴልቪን፣ ባለህበት ባሕር ሁሉ ሰላም ይድረስህ፤

አንተና ሉዝ፣ ትንሿ አናሊንም እንዴት ናችሁ? እኛ በሕይወት አለን። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤ አባትህም ይበላል፣ ይተኛል። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚሰማ ነው። ደብዳቤውን የጎረቤታችን የሚስ አይቮሪን ልጅ ወደ መርከባችሁ ሲመለስ ያደርስልሃል።

የቤት መሥሪያው ልዩ ፈቃድ ተከልክሏል፣ ልጄ። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልችልበትም፤ ይኸው ነገርኩህ። ፈቃዱ ከመጣ በታኅሣሥ ጠቅልላችሁ እንደምትመጡ፣ ካልመጣ ግን በሉዝ አገር፣ በአባቷ መሬት ላይ ቤት እንደምትሠሩ ነግረኸን ነበር። እንግዲህ አልመጣም። በእኛ አንድ ክፍል ቤት ሚስትና ልጅ ይዘህ ና አልልህም፤ ከኋላችን ረግረግ ነው፣ ሌላ መሬት የለንም።

እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማ ከእኔ ስማው። የባሕሩ ዳርቻ ጥብቅ ቦታ ከተባለ ወዲህ አዲስ ቤት መሥራት ክልክል እንደሆነ ታውቃለህ። ለቦታው ተወላጆች ግን፣ ግንባታው ምንም አይጎዳም ተብሎ ሲታመን፣ ይፈቀዳል። ይህንኑ አይተው ሊወስኑ ሰዎች ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ መጡ። ከመምጣታቸው በፊት ሚስ አይቮሪን አባትህን ቁጭ አድርጋ መከረችው፤ እንቁላል ሊጥል ከባሕር ስለሚወጣው ኤሊ ከጠየቁህ አላውቅም በል፣ ምላስህን ዋጥ አድርግ አለችው። እሺ አለ። አባትህ እሺ ማለት መቼ አቅቶት ያውቃል።

ሰዎቹ መሬቱን ለኩ፣ ዛፎቹን አዩ፣ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ሊሄዱ ሲሉ አንዷ ወጣት ሴት፣ ደግ ፊት ያላት፣ "ዶን አልቫን፣ እዚህ ኤሊ ይወጣል እንዴ?" አለችው።

የአባትህ ፊት በራ።

"ይወጣል ወይ? ከዘመዶቼ ይልቅ የሚጠይቁኝ እነሱ ናቸው። ኑ፣ ላሳያችሁ" ብሎ እየመራ ወሰዳቸው። ወዴት መሰለህ? ከትልቁ ዛፍ ማዶ፣ ለአንተ ቤት ወዳስቀመጥነው ቦታ። እንቁላሉን ሰው እንዳይረግጠው አጠገቡ የኮኮናት ዝንጣፊ እንደምንተክል አስረዳቸው፤ የተተከሉትንም አንድ በአንድ አሳያቸው። መሬቱ ለአንተ ተብሎ ባዶና ጨለማ ሆኖ ስለኖረ ሁሉም የሚወጡት እዚያ ነው።

"ለዚህ እኮ ነው ለልጄ መፍቀድ ያለባችሁ" አላቸው። "ሌላ ሰው ቢገባበት ያጠፋቸዋል። የእኔ ልጅ ግን አብሯቸው ነው ያደገው።"

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ፎቶ አነሳች። መኪና ውስጥ ልትገባ ስትል እጄን ጨብጣ ሳትለቀኝ ቆየች። አባትህ ግን ደስ ብሎት ሩዝና ባቄላውን እያስጨመረ በላ። ወደውናል፣ ኢነድ፣ አለቀ እያለ አመሸ።

ውሳኔው ሲመጣ ሚስ አይቮሪን አነበበችልን። በቦታው ላይ ኤሊዎች እንቁላል እንደሚጥሉ ባለይዞታው ራሱ ስላረጋገጠ ፈቃዱ አልተሰጠም፣ ይላል።

"ባለይዞታው ማነው?" አለ አባትህ።

"አንተ ነሃ" አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ዓሣ ለማጥመድም አልወጣም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይውላል። አጠገባችን ያለው ሆቴል ደግሞ ክፍል እንዲጨምር ተፈቀደለት። በመብራቱ ብዛት ኤሊ ከዚያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ያጠፋ ተሸለመ፣ የጠበቀ ተቀጣ፤ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አንድ የእንቁላል ወቅት ሙሉ ኤሊ ካልወጣበት እንደገና ማመልከት ይቻላል ተብለናል። ሰፈሩ ምን እንዳለን መገመት አያቅትህም። ዝንጣፊዎቹን ንቀሉ፣ አምፖል አብሩበት፣ ውሻ ልቀቁበት። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ትልቅ አምፖል ገዝቼ መጣሁ። ስቀልልኝ ብዬ ለአባትህ ስሰጠው ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"የሚመለሱት እኮ የተወለዱበት ስለሆነ ነው፣ ኢነድ" አለኝ።

"የእኔስ ልጅ የት ተወለደና?" አልኩት።

አለቀሰ። ከተጋባን ጀምሮ ሲያለቅስ ያየሁት እናቱን የቀበርን ዕለት ብቻ ነበር። እኔም ብሆን ልሰቅለው አልቻልኩም፤ በማግስቱ አምፖሉን ለሚስ አይቮሪን ሰጠኋት።

ስለዚህ ቤታችሁን እዚያው ሥሩ፣ ልጄ። የሉዝ ወላጆች ደግ ሰዎች ናቸው ብለኸኛል፤ አናሊን የሚያቅፋት አታጣም። አልቀናም ብልህ ውሸቴን ነው። እቀናለሁ። አንድ ቀን እንኳ ደረቴ ላይ ሳትተኛ ልታድግ ነው።

አባትህን አትቆጣው። ደውልለትና ስለ መርከቡ፣ ስለ ኳስ፣ ስለፈለግከው አውራው፤ ስለ መሬቱ ግን አታንሳበት።

የባሕሩም የየብሱም ጌታ ይጠብቃችሁ። የምትሠሩት ቤት ሳቅ የማይጠፋበት፣ ደጁን ሐዘን የማያውቀው ይሁን። አናሊን አድጋ የአባቷን አገር ለምን እንዳላየች ስትጠይቅህ፣ መንግሥት ከለከለን በላት። አያትሽ ናቸው እንዳትላት።

እናትህ ኢነድ