በእናቴ አውራ ጣት

ሊማ፣ ጁላይ 27

እማዬ፣ ወንድሜን ፊደንሲዮንና ስድስት ጓደኞቹን በመግደል ተፈርዶበት የታሰረው ኮሎኔል ሳልዲባር ትናንት ጠዋት ከእስር ወጣ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሊለቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ምሕረት ካደረገላቸው አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? የላክሁልሽ የሱፍ ካልሲ ደረሰ? እኔ ደህና ነኝ። ክርስትና እናቴ ካሲልዳ ይህን ስታነብልሽ በሩን ትዝጋው፤ ቀስ ብላም ታንብብ።

ገበያው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። አጠገቤ ድንች የምትሸጠው ዱልሲና፣ "ተከራይ ቤት ሲለቅ ጠርጎ ይወጣል፤ የእኛ ፕሬዚዳንት ግን ቀበሮ ፈትቶብን ወጣ" ብላ ሰውን አሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ለደንበኛዬ መልስ መቁጠር አቃተኝ።

እማዬ፣ ለፋሲካ ስመጣ አውራ ጣትሽን ቀለም አስነክሬ ወረቀት ላይ ያሳረፍኩት እንዳልኩሽ ለጡረታሽ አልነበረም። ወረቀቱ "የሟች እናት ምሕረቱን አልቃወምም" ይላል።

ከዚያ በፊት የኮሎኔሉ ጠበቃ ገበያ ድረስ መጥቶ ነበር። ትሁት ሰው ነው። ሽማግሌው ታሟል፣ ፊደንሲዮንና ጓደኞቹን የት እንደቀበራቸው መናገር ይፈልጋል፣ ግን ከወጣ በኋላ ነው፤ እናትዎ ከፈረሙ ቶሎ ይወጣል አለኝ። እናቴ ብትሞትም አትፈርም አልኩት። "እርስዎስ፣ የወንድምዎን አጥንት ማግኘት አይፈልጉም?" አለኝ።

የፊደንሲዮ ልብስ ታየኝ። በእኛ አገር የሟች ልብስ በአምስተኛው ቀን ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። የእሱ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይታጠብ ሳጥንሽ ውስጥ ነው። "አካሉ ሳይገኝ ካጠብኩት እኔ ገደልኩት ማለት ነው" ትያለሽ። ሰማንያ አራት ዓመት ሆነሽ። ያን ልብስ በገዛ እጅሽ አጥበሽ ድንጋይ ላይ ስታሰጪው ማየት ፈለግኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ትናንት እስር ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሴት ልጁ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ጋዜጠኞች ስለ ተገደሉት ልጆች ሲጠይቁት፣ "አርጅቻለሁ፤ አላስታውስም" አለ። መኪናው ጋ ተጠግቼ የወንድሜን ሙሉ ስም ነገርኩት። "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ" ብሎኝ መስኮቱን ዘጋ። ለጠበቃው ደወልኩ፤ አያነሳም።

የሌሎቹ ልጆች ቤተሰቦች ምሕረቱ ይሰረዝ ብለው ከሰዋል። ዳኛው ይጠራሻል። አሻራውን ወደሽ ሰጥተሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል። ወድጄ ነው ካልሽ፣ ሰውየው ቤቱ እንደተቀመጠ ይቀራል። ልጄ አታልላኝ ነው ካልሽ፣ ወረቀቱ ይወድቃል፤ እሱም ይመለሳል። በእኔ ላይ የሚመጣውን ሕግ አዋቂ ጠይቄ ተረድቻለሁ፤ እሱን ለእኔ ተይው። የሱቄን ቁልፍ ለዱልሲና ሰጥቻታለሁ፤ በየወሩ የምልክልሽን እሷ ትልክልሻለች።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ሰሞኑን ብዙ ሰው ተጫውቶበታል። ድንግል ማርያም ጉልበትሽን ታጽናልሽ፣ እርጅናሽን ታሳምርልሽ፣ ዳኛው ፊት አንደበትሽን ትፍታልሽ።

አንድ የቀረሁሽ ልጅሽ

መጥሪያው "ኦገስት 19፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት" ይላል።