ድልድዩን ቀድሞ የሚሻገር

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር፤ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው እንዲያ ብሎ ነውና የሚጀምረው። እኛ እንደ ዕድሜያችን ደህና ነን። እኔንም ሳሉ ለቆኛል። ያንተን ደህንነትማ እናትህ ማታ ማታ መንደሩ ከሚሰበሰብበት ከከበሮው ግንብ ሥር ተቀምጣ ስታወራ እሰማለሁ። ወፍረሃል አሉ። የዋሻ ቁፋሮው አለቃህ ወዶሃል አሉ። የከተማው ዓሳ አልጥምህ ብሎ የእሷ የኮመጠጠ ዓሳ ናፍቆሃል አሉ።

እናትህን ታውቃታለህ፤ ተረት ከጀመረች ቅርጫት የሚሠራውም ክር የሚፈትለውም እጁን ያቆማል። አድማጩ በየመሐሉ «ከዚያስ?» ካላላት ደግሞ አፏን ትዘጋለች፤ ድሮም ወጋችን ነው። ከብርዱ ወራት ወዲህ ግን ተረቱን ሁሉ ትታ ስለ አንተ ብቻ ነው የምታወራው። ሰዉም «ከዚያስ?» ይላታል። እኔ ብቻ ዝም እላለሁ።

አሮጌውን ድልድይ ባለፈው የዝናብ ወራት ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። ከላይ ያለው ጫካችን አፈሩን ስለያዘልን እርከኖቻችን አልተናዱም፤ ጫካቸውን ለነጋዴ የሸጡት የማዶ ሰዎች ግን የሩዝ ማሳቸውን በውሃው ከሚያረቡት ዓሳ ጋር ወንዝ በላው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እንደ አሮጌው ጣራና አግዳሚ ያለው አዲስ ድልድይ እንድሠራ አዘዙኝ። እንጨቱ ከየቤቱ ይወጣል፤ ልጅ ሲወለድ ከተተከለው ጥድ አንድ ግንድ፣ በተቆረጠውም ቦታ አዲስ ችግኝ። በዚህ ያጉረመረመ አልነበረም፤ ልጆቹ በቀርከሃ ታንኳ እየተሻገሩ ነው ትምህርት ቤት የሚሄዱት፤ የሚቀጥለው ዝናብ ሳይመጣ ድልድዩ መቆም ነበረበት።

ገና ሥራውን ሳልጀምር፣ በብርዱ፣ እናትህ ስልክ ተደውሎላት ልትጠይቅህ ሄደች። እኔ በሳል ወድቄ ነበር። ስትመለስ ጃኬትህን ሰጠችኝ። «ልጅህ ነው የላከልህ፤ እሱ አዲስ ገዝቷል» አለችኝ። ፊቷ ጠቁሮ ነበር። መንገዱ ነው አልኩ። አሁንም ለብሼው ነው የምጽፍልህ፤ የዋሻው ሲሚንቶ እጅጌው ላይ እንደ ደረቀ ነው።

ሲሻለኝ ከጥዶችህ አንዱን ልቆርጥ ተነሳሁ። እናትህ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። «የሱን አትነካም! ቤት ሊሠራበት ነው! ከፈለግህ ለሬሳ ሳጥኔ ያስቀመጥኩትን እንጨት ውሰድ!» አለች። ግትርነቴን ታውቃለህ። «ልጁ ይኮራበታል እንጂ አይቆጣም» ብያት መጥረቢያዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ።

ከጥዶችህ ከትልቁ ሥር አፈሩ ተቆፍሮ ነበር። ላዩን ቅጠል ለብሷል። ከርከሮ መስሎኝ ጫር ጫር አደረግሁት። የቤታችን የጨው ማሰሮ ነው፤ አፉ በእናትህ ሰማያዊ ሻሽ ታስሯል። አልፈታሁትም። መፍታት አላስፈለገኝም።

በአደጋ ከውጭ የቀረ ሰው፣ ተቃጥሎ አመዱ ቢመጣ እንኳ፣ በመንደራችን በር እንደማይገባ ታውቃለህ። ጥዶቹ ግን ከበሩ ውጭ ናቸው። ይህን ሁሉ ብቻዋን አስባ፣ ብቻዋን ተሸክማ መጥታ፣ ብቻዋን ቆፍራ! እዚያው ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስጨርስ አፈሩን መለስኩ፣ ቅጠሉን አለበስኩት፣ ከአጠገቡ ያለውን ጥድ ቆረጥኩ።

ለምን እንደደበቀችኝም ገባኝ። ሐዘን የገባበት አናጢ በድልድይ እንጨት ላይ የመቁረጫውን መስመር የሚያወጣበትን የቀለም ገመድ አይመታም። እኔ ካቆምኩ ደግሞ በዚህ ሸለቆ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ እኔም ደበቅኳት። ቀን ገመዴን እየመታሁ፣ ማታ ወሬህን እየሰማሁ ወራቱ አለፈ። ደንብ አፍርሻለሁ፤ የተቀየመኝ ይቀየመኝ። ያቺን ታንኳ ግን ሕፃናት ጭና ማየት አልቻልኩም።

ትናንት ድልድዩ ተመረቀ። ቀድሞ የሚሻገረው ምንም ያልጎደለበት ቤት ነው፤ ባልና ሚስት ልጃቸው በሕይወት ያለላቸው። በዚህ የተዋሸ እንደሆነ ድልድዩ አይበረክትም። ሽማግሌው ዪንሻን ሕዝቡ ፊት ቆመና እኛን ጠራን፤ እንደ ደንባችንም በአንተ ስም ነው የጠራን፣ የእገሌ አባት፣ የእገሌ እናት ብሎ። ሰዉ እልል አለ። ጎረቤታችን የፔይሙ እናት «ምን እንደ ሙሽራ ትሽኮረመሚያለሽ? ያን የመሰለ ልጅ ይዘሽ!» ብላ እናትህን ገፋ አደረገቻት።

እናትህ ከመጀመሪያው ሳንቃ ፊት ደርሳ ቆመች። «ልጄ…» ብላ ጀመረችና አቋረጠች። ዞራ አየችኝ። አንድ እርምጃ ብትራመድ ተረቷ ይተርፍላት ነበር፤ እኔም ዝም ባልኩ ማንም አያውቅም ነበር። ግን እዚያ ብቻዋን ቆማ ሳያት አላስቻለኝም። ወራቱን ሙሉ ያላልኩትን ቃል መንደሩ ሁሉ እየሰማ አልኳት።

«ከዚያስ?» አልኳት።

ማሰሮውን ማየቴ ያን ጊዜ ገባት። እጄን ጨብጣ እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው፤ ስልኩን፣ ዋሻውን፣ በባቡር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ያመጣችውን። ቃል ሲያጥራት «ከዚያስ?» የምላት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ስትጨርስ የፔይሙ እናትና አባት እያለቀሱ ቀድመው ተሻገሩ። እኛ ከሁሉም ኋላ ተሻገርን።

ዪንሻን ወደ እኔ ቀረበና «በሩ በር ነው፤ ደንቡን አልለውጥም። ድልድዩ ግን ከውስጥም አይደለም፣ ከውጭም አይደለም» አለኝ። ከዚያ ዱላውን ይዞ ሄደ።

ጥድህ ከመግቢያው በስተግራ ያለውን ጣራ ተሸክሟል። ከሥሩ ያለውን አግዳሚ ከሌሎቹ ሰፋ አድርጌዋለሁ። በአሮጌው ድልድይ ላይ ትምህርት ቤት ቀርተህ እግርህን ዘርግተህ ስትተኛ እየመጣሁ እጮህብህ ነበር። አሁን የሚጮህብህ የለም። እናትህም ዓሳውን እዚያ ታስቀምጥልሃለች።

የተራራውም የወንዙም ጠባቂ አይለይህ፤ መንገድህ ብርሃን ይሁን። ዝናቡ ሊጀምር ደመናው ከብዷል። ከጥዶቹ ሥር እርጥቡ አይችልህም፤ ወደ ድልድዩ ውረድና ተጠለል።

አባትህ