ከማክ ኋላ ያለው ቦታ

ሰኞ፣ ጁን 2

ገባሁ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ያው ሙቀት… እርጥብ ፎጣ ፊት ላይ እንደሚጣል። በየዓመቱ ለሱቄ ቃሪያና የደረቀ ሽሪምፕ ልገዛ ከደን ሃግ እመጣለሁ፣ በየዓመቱ አዲስ ይሆንብኛል። የእህቴ ባል ሳሪጆ በፒካፑ መጥቶ ጠበቀኝ። ዝናቡ አላቋረጠም። ከዋና ከተማዋ ከፓራማሪቦ ወጥተን ድልድዩን ስንሻገር ስለ ቃሪያው ጠየቅኩት።

«ግማሹን ውሃ በላው» አለ። «የቀረውን የጉያና ነጋዴዎች እያንዣበቡበት ነው።»

«ምን ያህል እየሰጡ?»

«መጀመሪያ ስለ አባትህ አትጠይቅም?»

ልክ ነው። ጠየቅኩ።

«እንጃ… ያላምጣል፤ አይውጥም።»

ስደርስ ፓክ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። አባቴ እንዲህ ትንሽ ሰው ነበር እንዴ? እጁን ስይዘው አጥንቱ ብቻ። «ወፈርክ» አለኝ። «ደን ሃግ ላይ የሳኦቶ ሾርባ አለ ማለት ነው።»

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ገበሬዎቹን አየሁ። ቃሪያው ትንሽ ነው፤ ግን ጥሩ። ዝናብ።

ረቡዕ፣ ጁን 4

ፓክ ወደ መቃብሩ ውሰደኝ አለ። በፒካፕ ወሰድኩት፤ ከቦዩ ማዶ ድረስ ደግፌው ሄድን። የእናቴ የማክ መቃብር ነጭ ሸክላ ነው፤ እህቴ ሳኪኔም በየሳምንቱ ታጥበዋለች። ከኋላው፣ ከፍ ባለው መሬት ላይ፣ ማክ በሞተች ዓመት ፓክ የተከላት የአበባ ዛፍ አለች።

«እዚህ» አለ፣ ከዛፏ ሥር ያለውን መሬት በምርኩዙ እየነካ። «ከኋላዋ።»

«ከኋላዋ ለምን?»

«ሸንኮራ ማሳ ስንሄድ ማን ነበር ፊት የሚሄደው?»

«ማክ።»

«ታዲያ።»

ትንሽ አረፈ። ከዚያ ዋናውን አመጣው። «ወደ ምዕራብ አዙራችሁ አስተኙኝ። እሷ ወደምታይበት። ወደ ምሥራቅ ካዞራችሁኝ ጀርባ ለጀርባ ሆነን መተኛታችን ነው። ከሷ ጋር ተኳርፌ አድሬ አላውቅም።»

ያው የድሮው ጣጣ። አያቴ በጃቫ ሳለ መካ በምዕራቡ ነበረች። ለሸንኮራ ማሳ ሥራ በመርከብ እዚህ ሲያመጡት መካ በምሥራቅ ሆነች፤ እሱ ግን እንደለመደው ወደ ምዕራብ መስገዱን አልተወም። ልጆቹም እንደሱ። ማክም ፊቷ ወደ ምዕራብ ሆኖ ተቀበረች። አሁን መንደሩ በሙሉ ወደ ምሥራቅ ዞሯል፤ የቀረው ፓክ ነው። የመንደሩ ልጆች «ወደ ጉያና የሚሰግደው ሽማግሌ» ይሉታል፤ ጉያና በምዕራብ ናትና። «መሬት ክብ ናት» ይላቸዋል፤ «ቀጥ ብዬ ከሄድኩ እደርሳለሁ። እናንተ ቸኩላችሁ ነው።»

እኔ ወዴትም አልሰግድም። ለኔ ያው ነው።

«አንተ ነጋዴ ነህ» አለኝ ስንመለስ። «ነጋዴ አደርሳለሁ ያለውን ያደርሳል።»

«አደርሳለሁ፣ ፓክ።»

ቀላል ነገር መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጁን 6

ሳኪኔም ወጥ ቤት ካሳቫ እየላጠች ጠበቀችኝ። ፊቷን አይቼ አወቅኩ።

«ካንግ፣ ለፓክ ምን ብለህ ነው ቃል የገባህለት?»

ሃምሳ ዓመት አልፏት አሁንም «ካንግ» ትለኛለች። ታላቅ ወንድም መሆኔን የምታስታውሰው ልትቆጣኝ ስትል ነው።

«ያለውን አደርጋለሁ ብዬ።»

«አንተ ትሄዳለህ። እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ሳሪጆ የመስጊዱ ኮሚቴ ነው። ኢማም ጠይብ ወደ ምዕራብ በዞረ ጀናዛ ላይ አይሰግድም። አምና ያን ሽማግሌ ልጆቹ ብቻቸውን ነው የቀበሩት። ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ… ለፓክም እንደዚያ ይሁንለት?»

«ኢማሙን አናግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሽሪምፑን ልጨርስና።»

የላጠችውን ካሳቫ ወደ ውሃው ወረወረችው። ሸሚዜን ረጨኝ። «ጨርስ እሺ» አለች።

እሁድ፣ ጁን 8

ፓክ ዛሬ በላ። የተጠበሰ ካሳቫ በደረቀ ዓሣ። ሳኪኔም ደስ ብሏት ሁለቴ ጨመረችለት።

ስለ ማክ አወራኝ። ማሳ ስትሄድ ዞር ብላ አታይም ነበር አሉ። መከተሉን ማወቅ ስትፈልግ ትስላለች። እሱም ይስላል። በቃ፣ መንገዱ ይቀጥላል።

«ባትስልስ?» አልኩት።

«አንድ ቀን አልሳልኩም፣ ለቀልድ። ቆማ ጠበቀችኝ። ደርሼ ሳያት… እያለቀሰች ነበር። ከዚያ ወዲህ አልቀለድኩም።»

ሰኞ፣ ጁን 9

ጠዋት። ወደ ከተማ ልሄድ ነው። የደረቀው ሽሪምፕ ዛሬ ካልተመረጠ ለሌላ ነጋዴ ይሸጡታል። ፓክ ከበረንዳው «ኢማሙን አናገርከው?» አለኝ።

«ዛሬ ማታ።»

«እሺ… ማታ።»

ረቡዕ፣ ጁን 11

ከትናንት ወዲያ ሞተ። ረፋዱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ። እኔ ከቀዝቃዛው መጋዘን ውስጥ ሽሪምፕ እያሸተትኩ ነበር፤ እዚያ ስልክ አይሠራም። ስወጣ የሳኪኔም ጥሪ ተደርድሮ አየሁ። ሳልደውልላት ገባኝ።

ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ከፊቴ ሙዝ የጫነ መኪና። ሾፌሩ ይዘፍናል።

ስደርስ ታጥቦ ተከፍኗል። እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። ወደ መቃብሩ ሮጥኩ። ከማክ ኋላ ጉድጓዱ ተቆፍሯል። የዛፏ ሥር ግማሹ ተቆርጧል። ሳሪጆ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«ቦታውን አክብረናል» አለኝ። «እሱ ያለው ቦታ ነው።»

«ወዴት ነው የምታዞሩት?»

ወደ ኢማሙ ተመለከተ። ኢማም ጠይብ ቀረበ። ወጣት ነው። ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ከጮኸብኝ ይቀለኝ ነበር።

«ካንግ ሩስ፣ ሐዘንህ ሐዘናችን ነው።»

«ወደ ምዕራብ ብሏል።»

«አውቃለሁ። ለኔም ነግሮኛል። የአባቱን መንገድ ይዞ ነው የኖረው፤ አልፈርድበትም። ግን አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ። እያወቅኩ ጀርባውን ለመካ ሰጥቼ አላስተኛውም።»

«እኔ ራሴ ባስተኛውስ?»

«አስተኛው። ማንም እጅህን አይይዝህም። እኛ ግን እንሄዳለን።»

ዞር ብዬ አየሁ። መንደሩ በሙሉ ፕላስቲክ ራሱ ላይ አድርጎ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ከፓክ ጋር ሸንኮራ የቆረጡ ሽማግሌዎች አሉ። ወደ ምሥራቅ የዞሩ፣ ግን የመጡ። ሳኪኔም ከሴቶቹ ጋር ከቦዩ ማዶ ቆማ ታየኛለች። አታለቅስም። አየችኝ ብቻ።

ያን ጊዜ በንግድ የለመድኩትን አደረግኩ። ሰውየው የማይለቀውን ትቼ፣ የሚለቀውን ፈለግኩ። ኢማሙ አቅጣጫውን አይለቅም። ለቦታው ግን ግድ የለውም።

«ከማክ ፊት ቆፍሩ» አልኩ። «በዚያኛው በኩል።»

«ካንግ፣ ረግረግ ነው» አለ ሳሪጆ። «ውሃ ይሞላዋል።»

«እንቀዳዋለን።»

«ይሄ የተቆፈረውስ?»

ሽማግሌዎቹ መሃል ጉርምርምታ ተነሣ። አፉን የከፈተ ጉድጓድ ባዶውን አይዘጋም፤ ሌላ ሰው ይጠራል ይላሉ። የሚተኛበት ነገር ያስፈልገዋል። ሳሪጆ ወደ ቦዩ ዳር ሮጦ ሙዝ ነቀለ። ለመቁረጥ ጊዜ ስላልነበረው ከነሥሩ፣ ቅጠሉን ብቻ መልምሎ። ከከፈን የተረፈ ጨርቅ ጠቀለሉበትና ከማክ ኋላ አስተኙት። ፊቱን ወዴት እንደሚያዞሩት የተጨነቀ የለም።

ኢማም ጠይብ ወደ ሰማይ ይመለከት ነበር። «ይሄን እኔ አላየሁም» አለ።

አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይመጣል። እኔና ሳሪጆ በባልዲ ቀዳን። ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ጣውላ አነጠፍን። ከዚያ መንደሩ በሙሉ ሰገደበት፤ ፓክን አወረድነው። ራሱ ወደ ደቡብ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ክንዴ ላይ ቀለለኝ… ሰው እንዲህ ይቀላል?

ማክ ወደ ምዕራብ ታያለች። እሱ ወደ ምሥራቅ። ፊት ለፊት ሆኑ።

ማንም አልሄደም። አፈሩን ከሠላሳ ዓመት በፊት የተጣላው ጎረቤት እንኳ መጥቶ መለሰ።

«ጥሩ አደረግክ» አለችኝ ሳኪኔም።

አደረግኩ? የጠየቀኝ ከኋላዋ ሆኖ እሷ የምታየውን ማየት ነው። አንዱንም አላደረስኩም። በምትኩ የመንደሩን ሰውና የማክን ፊት ሰጠሁት። ጥሩ ልውውጥ ነው ይባል ይሆናል። ግን ለእቃው ባለቤት ሳላሳየው ነው የተዋዋልኩት። ዓርብ ኢማሙን ባናግረው ኖሮ፣ ፓክ ራሱ በሕይወት እያለ ይመርጥ ነበር። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይህን ይጠብቅ ነበር። ማታን።

ሐሙስ፣ ጁን 12

ሽሪምፑን ለሌላ ሸጡት። ምንም አልመሰለኝም።

እሁድ፣ ጁን 15

የሰባተኛው ቀን ዱዓ ዛሬ ሆነ። ሩዝ፣ ዶሮ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚወሰድ። ኢማም ጠይብ የፓክን ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ። ይህን አልጠበቅኩም።

የፓክ ክፍል ገባሁ። በምዕራብ በኩል ያለው ወለል ተፍቋል። ጉልበቱ የሚያርፍበት ሁለት ጎድጓዳ፣ ግንባሩ የሚያርፍበት አንድ ለስላሳ ቦታ። ሳሪጆ ምንጣፍ ይዞ መጣ።

«አታልብሰው» አለችው ሳኪኔም።

«ሰው ቢያይ—»

«ይይ።»

ምንጣፉን ይዞ ወጣ።

ሰኞ፣ ጁን 16

ዛሬ እበራለሁ። ጠዋት ብቻዬን ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ዛፏ ሥሯ ተቆርጦ ቅጠሏን አራግፋለች፤ የምትተርፍ አይመስለኝም። በሁለቱ መካከል ቆምኩ። መካከላቸው መቆም ልክ ስላልመሰለኝ ወደ ጎን ሄድኩ። ሳልኩ። ለምን እንደሳልኩ አላውቅም። ዝናቡ ብቻ።

ሳኪኔም ቃሪያውን ካርቶን ላይ እያሰረች «ካሁን በኋላ ለምን ትመጣለህ?» አለችኝ። «ለቃሪያ ብቻ?»

«ለቃሪያ» አልኩ። ልታለቅስ መሰለኝ። «ለናንተም።»

«ሁለተኛው ነው የሚዘገይብህ» አለች።

ዓርብ፣ ጁላይ 18። ደን ሃግ

ዛሬ የአርባው ዱዓ ነበር። እኔ ሱቅ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ሳኪኔም ደወለች። ከጀርባዋ የሳህን ድምፅ፣ የሳሪጆ ሳቅ፣ ልጆች።

«ሁሉም መጡ» አለች። «ሰውን የማይወዱትም መጡ።»

«ዛፏስ?»

«ደረቀች።»

«ካንግ… ያ ሙዝ ግን በቅሏል። ጉድጓዱ ውስጥ ያስተኛነው። ከነሥሩ ነበር እኮ። ከማክ ኋላ ወጥቶ ቁመቴን ሊያክል ነው። ሳሪጆ መቃብር ላይ ሙዝ ነውር ነው ይላል፣ ልቁረጠው ይላል። ምን ልበለው?»

ደንበኛ ገብቶ ቃሪያ እየነካካ ነበር። ቆይ አልኩት በእጄ።

«አትቁረጡት በይው» አልኳት። «ከኋላዋ የሚሄድ አትጣ።»

ቆይታ አንዴ ሳለች።

እኔም ሳልኩ።