ያልነፋሁት ሶሎ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመኝታ ክፍሌ ውስጥ ጀርባዬን በሦስት ትራስ ደግፌ ይህን የመጨረሻ ቃሌን አስጽፋለሁ። አእምሮዬ ደኅና ነው። ሐኪሙ ይህንን መርምሮ በጽሑፍ ሰጥቶኛል፤ ሳንባዬን ግን መርምሮ ቦርሳውን ዘግቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት በኦርኬስትራ ውስጥ፣ ሆርን ለሚባለው ጥቅል የናስ መሣሪያ፣ አንደኛ ነፊ ሆኜ ኖሬአለሁ። ኑዛዜዬን የሚጽፍልኝ ጸሐፊ «ሆርን» ለሕግ ሰነድ አይመጥንም ብሎ «ቀንደ መለከት» ሊል ፈልጎ ነበር። መለከት የሚነፋው ለሚነሡት ነው፤ እኔ ገና ልሞት ነው፤ ቅደም ተከተሉን አታበላሽብኝ አልሁት። ሆርን ተብሎ ይጻፍ።

ምስክሮቼ ሦስት ናቸው። በቀኜ የተቀመጠው ሁለተኛው ሆርን ነፊያችን ነው፤ የሥራ ዘመኑን በሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ፈጽሟል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ነው፤ እኛ «ሰንጣቂው» እንለዋለን፤ ሲነፋ የሰማ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ሦስተኛዋ ምስክር በየጧቱ የምትመጣው ነርስ ናት። ልጄ ወጥ ቤት ናት። ወራሽ ስለሆነች እንዳትገባ ሕጉ ከለከለ፤ እኔም ሕጉን በሆዴ አመሰገንሁ።

ጸሐፊው እዚህ የሚባለውን ሁሉ፣ የሌሎቹንም ንግግር ጨምሮ፣ ሳያሳምር እንዲጽፍ አዝዣለሁ። እስከ ዛሬ የተሳመረው ይበቃል።

አንደኛ። ይህ ቤት ከነዕቃው የልጄ ነው። እናቷ ስትሞት ለአንድ ሳምንት ብላ መጥታ ይኸው ከመጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የመታጠቢያ ቤቱን በር ለመዝጋት መጀመሪያ ወደ ላይ ማንሣት እንደሚያስፈልግ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ሁለተኛ። ሆርኑ አፍ ውስጥ የሚወተፈውን ድምፅ ማፈኛዬን ለሰንጣቂው ሰጥቻለሁ። ሲነፋ ብቻ ሳይሆን ሲያወራም ይጠቀምበት።

«ስሞት እንኳ አልለቅህም ነው ነገሩ» አለ ሰንጣቂው።

«የምሞተው እኔ ነኝ፤ ተራ ጠብቅ።»

ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። በኑዛዜ አንዳች ነገር የሚደርሰው ሰው ለዚያው ኑዛዜ ምስክር ሊሆን አይችልም፤ አንዱን ይምረጡ አለ።

«ምስክር ልሁን» አለ ሰንጣቂው። «ሚስቴ ብትኖር ግን ማፈኛውን ተቀበል ትለኝ ነበር።»

ሁለተኛው አንቀጽ ተሰርዟል።

ሦስተኛ። ጥቁሩ የኮንሰርት ልብሴ ለማንም አይሰጥ። የሱሪው ቀኝ ጉልበት የተበላው በሆርን ውሃ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ ከትንፋሽ የሚጠራቀመው ውሃ ሲገለበጥ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ቫዮሊኒስቶቹ ምራቅ ነው ይሉናል፤ ባለማወቃቸው ይቅር ብያቸዋለሁ። እኔንም ያንን ልብስ አልብሳችሁ እንዳትቀብሩኝ። ለብሼው ያልሠራሁትን ሥራ ምስጋና ተቀብዬበታለሁ።

አራተኛ። እዚህ ላይ ስደርስ ልጄ ወጥ ቤት ውስጥ ካሴቱን ከፈተችው። በየጧቱ ሰሃን ስታጥብ ትከፍተዋለች። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኦርኬስትራችን ሲጫወት ለሬዲዮ የተቀዳ ነው። ቫዮሊኖቹ ቀስ እያሉ ይጠፋሉ። አንድ ትንፋሽ ይሰማል። ከዚያ ሆርኑ ብቻውን ይመጣል፤ ከሩቅ ጀምሮ፣ ሳይቸኩል፤ ደርሶም አይጮኽም። ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን በእጇ እንደያዘች ቆማ አዳመጠች። «ሆድ ያባባል» አለች። «እርስዎ ነዎት አይደል አባባ?»

የሁለተኛው ሆርን ነፊ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር።

አይደለሁም። ይህም ይጻፍ።

ልጄ ሆይ፣ ይህ ስሞት የሚነበብልሽ ነው። ሆርን ክፉ መሣሪያ ነው። ከንፈር በፀጉር ያህል ከሳተ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻው ወንበር ላይ ያንቀላፋውም ሰው ይነቃል። ስለዚህ እኛ አንድ ደንብ ነበረን። መሪያችን ልምምድ አቁሞ «ማነው?» ሲል አራታችንም ሆርን ነፊዎች እጃችንን እናወጣ ነበር። ሰውየው ማን እንደሚሳሳት ሳያውቅ ሞተ። አንድ ጊዜ የተሳሳተችው ዋሽንት ነፊዋ ሆና ሳለ እኛ በልማድ አራት እጅ አውጥተናል።

ያን እሑድ ሶሎው፣ ብቻዬን የምነፋው ክፍል፣ ሊደርስ ጥቂት ምት ሲቀረው ከንፈሬ ደረቀና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንፋሼን ሳብሁ፤ ማውጣት ግን አቃተኝ። ሁለተኛውን በዓይኔ ለመንሁት። ኖታው ፊቱ አልነበረም። ሆርኑን አነሣና በቃሉ ገባ። እኔ ጉንጬን ነፍቼ ጣቶቼን አንቀሳቀስሁ። ሲያልቅ መሪው፣ ከሁለት እርምጃ በላይ አጥርቶ የማያይ ሰው፣ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ተነሣሁ። ተጨበጨበልኝ። ለስህተት አራት እጅ የምናወጣ ሰዎች፣ ለምስጋና ምንም ደንብ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሌላ ኦርኬስትራ ውስጥ የአንደኛነት ቦታ ለመያዝ አመለከተ። ስለ እሱ ወደ እኔ ደወሉ፤ ሶሎ ይችላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። «ጥሩ ሁለተኛ ነው» አልኋቸው። ይህን እሱም ዛሬ እንዲሰማው ነው የማስጽፈው።

«አውቀዋለሁ» አለ ሁለተኛው። «ስልኩን የደወለችልህ የዚያ ኦርኬስትራ ጸሐፊ የሚስቴ እህት ነች።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በማግስቱ ልምምድ ነበረን። አጠገብህ መቀመጤ አይቀር።»

ወጣት ሳለሁ ሆርን ለመስማት ከአዳራሹ የኋላ በር ሥር ዝናብ እየመታኝ እቆም ነበር። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን የማንንም ሶሎ ደስ ብሎኝ ሰምቼ አላውቅም። ሬዲዮ ላይ ሆርን ሲገባ እዘጋዋለሁ። ያንቺን ካሴት ግን መዝጋት አልቻልሁም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሽ «አባዬ፣ ከመግባትህ በፊት ያለችውን ትንፋሽ ነው የምወዳት፤ የትም ብሰማት አውቃታለሁ» አልሽኝ። የማን ትንፋሽ እንደሆነች እኔ ራሴ አላውቅም ነበር።

«ያንተ ናት» አለ ሁለተኛው። «እኔ እንደዚያ አላፏጭም።»

እንግዲህ ልጄ፣ ከካሴቱ ውስጥ የእኔ የሆነችው እሷ ብቻ ናት። እሷንም ስቤ አላወጣኋትም።

አምስተኛ። ሆርኔን ለሁለተኛው ሰጥቻለሁ።

ሁለተኛው አልጋው ሥር ያለውን የሆርኑን ሣጥን ተመለከተ። በሥራ ዘመናችን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ «እስቲ ልያዘው» ብሎኝ ነበር፤ እኔም ከንፈርህ አይለምደውም ብዬ አሳልፌዋለሁ።

«ከተቀበልኩ ምስክር አልሆንም ማለት ነው?» ብሎ ጸሐፊውን ጠየቀ።

«አይሆኑም። ከጎረቤት ሌላ ሰው እንጠራለን።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ።»

«አብደሃል?» አለ ሰንጣቂው። «ዕቃውን ተቀበል። ለመፈረም ማንም ይፈርማል።»

«ከንፈሬ ካረጀ ቆየ። ይሄን ነገር ግን ሰው ሲናገረው ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ሰምቻለሁ ብዬ ልፈርም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሰውዬ፣ ወረቀት ከሚነግራት ጥራትና በአፍህ ንገራት። እስትንፋስህ ሳለች።»

ነርሷን፣ ልጄን ጥሪያት አልኋት። የበሩን እጀታ ያዘች። ከወጥ ቤት ካሴቱ ወደ ኋላ ሲጠቀለል ተሰማ፤ ልጄ ልታስደግመው ነው።

«ተዪው» አልሁ። «ይቅር።»

ሁለተኛው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛው አንቀጽ ተሰርዟል። ሆርኑ የማንም አይደለም፤ ሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ጮክ ተብሎ ተነብቦልኛል። በሩ ዝግ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቄአለሁ። ቃሉ የእኔ መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ ተናዛዡ ከፈረሙ በኋላ ወረቀቱን ለምስክሮች አቀረብሁ። ሁለተኛው ሆርን ነፊ መነጽራቸውን አድርገው «ሁለተኛ ምስክር» በሚለው መስመር ላይ ፈረሙ። ሰንጣቂው ተቀብለው «ሦስተኛ ምስክር» በሚለው ላይ ፈረሙ። የላይኛው፣ «አንደኛ ምስክር» የሚለው መስመር ባዶ መቅረቱን ብነግራቸው ሁለቱም ወረቀቱን አዩና ተያዩ፤ ግን በቀለም ስለተጻፈ አልተሰረዘም። ነርሷ በቀረው ቦታ ፈርማለች።

ተናዛዥ፦ አንደኛ ሆርን ነፊ (ፊርማ)
አንደኛ ምስክር፦ ነርስ (ፊርማ)
ሁለተኛ ምስክር፦ ሁለተኛ ሆርን ነፊ (ፊርማ)
ሦስተኛ ምስክር፦ ሦስተኛ ሆርን ነፊ (ፊርማ)